ገዳሪፍ ስትጎዳ ብቻ

ይህን ለንስሐ አባቴ ልናገር አስቤ ነበር። ኃጢአቱ የቱ ጋ እንደሆነ ማስረዳት ሲያቅተኝ ተውኩት። ስርቆት አይደለም፣ ሐሜት አይደለም፣ በሰው ላይ ክፉ ተመኘሁ እንዳልልም አልተመኘሁም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ያደግሁባት የሱዳን ከተማ ገዳሪፍ የምትናፍቀኝ መከራ ሲደርስባት ብቻ ነው። ሰሊጧን ሸጣ፣ ሠርጓን ደግሳ፣ ልጆቿን አስተምራ በሰላም ስትውል ትዝም አትለኝ። ጎርፍ ገባ፣ ኮሌራ ተነሣ፣ ነፋስ ድንኳን ነቀለ ሲባል ግን እንቅልፌ ይጠፋል። ረሳሁት ያልኩት ዓረብኛ ይመለሳል፣ የጎረቤቶቻችን ስም በየተራ ይመጣል፣ ሱቅ ከፍቼ፣ ወልጄ የኖርኩበት ጎንደር ባዕድ አገር ይመስለኛል። ውኃው ሲጎድል ናፍቆቱም ይጎድላል። እስከሚቀጥለው ክረምት ድረስ ደኅና ነኝ።

ወደዚያ የወሰደኝ ድርቅ ነው። እናቴ የስሜን፣ የጃን አሞራ ሰው ናት። በ1977 እኔን በእጇ ይዛ፣ ታናሼን አዝላ፣ በአርማጭሆ ቆላ አድርጋ ወደ ሱዳን ወረደች። ያረፍነው ኡም ራኩባ ነው፤ ከገዳሪፍ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በዶካ በኩል ያለ መጠለያ። በዚያ ዓመት ወደ እስራኤል ለመሻገር የወጡ ብዙ ቤተ እስራኤላውያንም እዚያ ነበሩ። በመንገድና በየመጠለያው ያለቁባቸው ሰዎች 4,000 እንደሚደርሱ ይነገራል። የተረፉት ከኅዳር 1977 ጀምሮ በሌሊት በአውቶቡስ እየተጫኑ ወደ ካርቱም ሄዱ፤ ከዚያ በአውሮፕላን ተወሰዱ። እኛ የሚጠራን አልነበረንምና ቀረን። ታናሼም ቀረ። ከድንኳኖቹ አለፍ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ፣ ስማቸውን ከማናውቃቸው ሰዎች ጎን ተቀበረ።

ከዚያ እናቴ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማው ተጠጋች። መጀመሪያ ተዋዋ ገባን፤ ከገዳሪፍ ዳር ያለ የሐበሻ ሰፈር ነው። ኋላ ዴም ኑር የሚባለው ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየን፤ ግቢው የአንዲት ሱዳናዊት ነበር። እኛ ሐጃ እንላት ነበር፤ የሐጃ ታላቅ ልጅ ደግሞ እኩያዬና ጓደኛዬ ሆነች። እዚህ ስሟን አልጽፈውም፤ አሁንም እዚያው ናት።

ገዳሪፍን ለማያውቅ ሰው በአፈሯ ብጀምር ይሻላል። ዋልካ ነው፤ ሱዳኖቹ ባዶቤ ይሉታል። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የልጅ እግር ይውጣል፣ ሳንቲም ከወደቀበት ወዲያ ተረሳ ማለት ነው። ዝናብ ሲጀምር ስንጥቁ እስኪዘጋ ድረስ ይጠጣል። አንዴ ከተዘጋ ግን ጠብታ አያሳልፍም፤ ከዚያ በኋላ የሚወርደው ሁሉ ላዩ ላይ ይተኛል። ግድግዳ የሚሰነጥቀው፣ በር አልዘጋ የሚለው፣ ትራክተር መስክ ላይ ሰጥሞ እስከ ጥቅምት የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም መጨረሻ የሚጥለው ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ለደገኛ ይህ ምኑም አይደለም፤ ለዚያ ሜዳ ግን ባሕር ነው። በደገኞቹ ትዕቢት እኔም እስቅ ነበር፤ «ይሄ ዝናብ ነው?» እያልኩ።

ያ አፈር የከተማዋም እንጀራ ነው። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ምሥራቅ አፍሪካ ላለው ጦራቸው ማሽላ ፈልገው ገደምበሊያ ላይ በትራክተር ማረስ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ግራሩ እየተመነጠረ እርሻው እስከ ድንበራችን ድረስ መጣ። በልጅነቴ የምሰማው «ዱንያው ሁሉ ሰምሰም ነው» ሲባል ነበር፤ ሰምሰም ሰሊጥ ነው። በመኸር ወቅት ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከትግራይ ለሰሊጥ አጨዳ የሚመጣው ሠራተኛ ከተማዋን ይሞላታል። አንዳንዱ ገንዘብ ይዞ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ካላአዛር የሚባለውን በሽታ ይዞ። እናቴ በእህሉ ገበያ ዳር ሻይ ታፈላ ነበር። እሷ ከሰል ስታራግብ እኔ ብርጭቆ አጥባለሁ፤ ደላሎቹ ጨረታ ሲጮኹ ቁጥር የለመድኩት ከዚያ ነው።

የሚገርመው በክረምት የምትዋኝ ከተማ በበጋ የምትጠጣው ማጣቷ ነው። እኔ ሳድግ ውኃው የሚመጣው ከፊሉ ከጉድጓድ፣ ከፊሉ ከሸዋክ፣ ከአትባራ ወንዝ በቧንቧ ተስቦ ነበር፤ አይበቃም። በየበሩ የሚያደርሰው በርሜል የጫነ የአህያ ጋሪ ነው፤ ካሮ ይሉታል። ሐጃ ለካሮው የምትከፍለው ባጣች ቀን እናቴ ትከፍላለች፤ እናቴ ስታጣ ሐጃ። አትባራ የሚባለው ደግሞ ከጭልጋ በኩል የሚነሣው የእኛው ጓንግ ነው፤ አንገረብና ተከዜም እዚያው ይገባሉ። የጠጣነው ውኃ ከሸሸንበት አገር የወረደ መሆኑን ያኔ የነገረን ሰው የለም። ብናውቀውም እናቴ «ይምጣ እንግዲህ፣ እሱም ተሰዷል» ከማለት አታልፍም ነበር።

እንግዲህ ኑዛዜዬ ይሄ ነው፤ እዚያ ሳለሁ ገዳሪፍን አንድ ቀን አልወደድኳትም። ሐሩሩን ጠላሁ፣ ሐቡብ የሚሉትን የአቧራ ማዕበል ጠላሁ፣ ፖሊስ በድንገት መንገድ ዘግቶ ሐበሻን የሚያፍስበትን ከሻ ከሁሉ አብልጬ ጠላሁ። ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው ጫማውን ጥሎ ሲሮጥ ያየ ልጅ ከተማ አይወድም። እናቴ አንድ ቀን በከሻ ተይዛ በማግሥቱ ስትመለስ የመጀመሪያ ቃሏ «አገራችን ስንገባ…» ነበር። እኛ ቤት «አገራችን ስንገባ» የማይጀምር ዓረፍተ ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። አገራችን ስንገባ አልጋ እንገዛለን፣ አገራችን ስንገባ ትማሪያለሽ፣ አገራችን ስንገባ ጥርሴን አስነቅላለሁ። እኔም የዴም ኑር ልጆች «ሐበሺያ» ሲሉኝ በውስጤ «ቆይ፣ እሄድላችኋለሁ» እል ነበር።

ሄድኩላቸውም። በ1992 የካቲት የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ከ1983 በፊት የተሰደድን ኢትዮጵያውያን የስደተኛነት መብት እንዲያበቃ አደረገ፤ ደርግ ወድቋል፣ የሸሻችሁት የለም፣ ግቡ ነው ነገሩ። ኡም ራኩባም ተዘጋ። እኛ በመኪና ተጭነን በገላባት በኩል መተማ ገባን። ድልድዩን ስንሻገር እናቴ መሬት ሳመች። እኔ ዞሬ እንኳ አላየሁም። ጎንደር ስንደርስ ደግሞ ሰፈሩ «ሱዳኗ» አለኝ፤ እስከ ዛሬ ሱቄ የሚታወቀው «ሱዳኗ ጋ» በሚል ነው። አልከፋኝም፤ ደንበኛ ያመጣል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የናፈቀኝ በ1995 ሐምሌ መጨረሻ ነው። ሬዲዮ የጋሽ ወንዝ ከሰላን አጥለቀለቀ አለ። ከሰላ ከገዳሪፍ በስተሰሜን ምሥራቅ ያለች፣ ከበስተጀርባዋ የተካ ተራሮች እንደ ተደረደረ ድንጋይ የቆሙባት፣ የኸትሚያ መስጊድ ያለባት ከተማ ናት፤ የሐጃ እህት እዚያ ነበረች፣ በልጅነታችን ይዘውኝ ሄደዋል። ከተራራው ሥር ቶቲል የሚባል ምንጭ አለ፤ ከዚያ የጠጣ ሰው ወደ ከሰላ መመለሱ አይቀርም ይላሉ። እኔ ሁለት ጣሳ ጠጥቼ እስከ ዛሬ አልተመለስኩም፤ እንዲህ ያለ ተረት ለሆቴል ቤት ነው የሚጠቅመው።

ጋሽ የሚሉት የእኛ መረብ ነው። ከአሥመራ በስተደቡብ ካለው ደጋ ይነሣል፤ በኢትዮጵያና በኤርትራ ድንበር ያልፍና በተሰነይ በኩል ሱዳን ይገባል፤ ባሕርም ሳይደርስ፣ ዓባይም ሳይገባ ከከሰላ በስተሰሜን አሸዋ ውስጥ ያልቃል። አብዛኛውን ዓመት ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ደረቅ አሸዋ ነው። ሐምሌ ላይ ድንገት ይመጣል። የሚያመጣው ደግሞ ውኃ ብቻ አይደለም፤ የደጋው አፈር ነው። አፈሩ ዓመት በዓመት እየተኛ የወንዙን ሆድ ከፍ አድርጎታል፤ ከተማዋ ወንዙን ቀና ብላ የምታይበት ቦታ አለ። ቤቱ ደግሞ በፊት ውኃው ይተኛበት በነበረው ሜዳ ላይ ተሠርቷል። ያን ሐምሌ ግድቡን በጥሶ ገባ፤ ሆስፒታሉ ሳይቀር ውኃ ውስጥ ቆመ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤት አልባ ሆነ።

ያን ዕለት ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። ደንበኞቼ «ማን ሞተብሽ?» አሉኝ። «ከተማ» ማለት አሳፈረኝና «ዘመድ» አልኩ። ማታ ለእናቴ ስነግራት ጸጥ ብላ ቆየችና የጠየቀችው ስለ ከሰላ አልነበረም። «ኡም ራኩባ ይደርሳል ውኃው?» አለች። አይደርስም፣ ጋሽ ወደ ሰሜን ነው የሚሄደው አልኳት። «እንግዲያስ» ብላ ወደ እራቷ ተመለሰች።

የእናቴን ነገር የጻፍኩት እኔን ስለሚያጋልጠኝ ነው። እሷ ገዳሪፍ አትናፍቃትም፤ ደግሞም አትረሳትም። ስለ ከተማዋ ወሬ ስነግራት እንቅልፏ ይመጣል። ነገር ግን ክረምት በገባ ቁጥር፣ አደጋ ኖረም አልኖረም፣ «ኡም ራኩባ ዘነበ?» ብላ ትጠይቃለች። አንድ ጊዜ «ሜዳው ናፈቀሽ እንዴ?» ብላት «ሜዳው ምን ያደርግልኛል፣ ልጄ ነው ያለው» አለችኝ። እኔም ወንድሜ ነው ያለው። እኔ ግን በደኅናው ቀን ትዝ አይለኝም፤ ጎርፍ ሲወራ ነው ወንድም የነበረኝ የሚመስለኝ። ይህን ስጽፍ እጄ ከበደኝ፤ ግን እውነቱ እሱ ነው።

የ2013ቱ ደግሞ ይብሳል። በጥቅምት ትግራይ ላይ በተነሣው ጦርነት ከ60,000 በላይ ሰው ወደ ሱዳን ተሻገረ፤ አብዛኛው የትግራይ ሰው ነው፤ በሐምዳይትና በሉግዲ ገባ። ተዘግቶ የኖረው ኡም ራኩባ እንደገና ተከፈተ፤ ጥቂት ቆይቶ ቱናይድባ ተጨመረ። በክረምቱ መግቢያ ላይ ቱናይድባን ማዕበል መታው፤ ድንኳኖቹን ነቅሎ ወሰደ፣ ሰው በዚያ ዋልካ ላይ ሜዳ አደረ። ፎቶውን አይቻለሁ። አፈሩን አውቀዋለሁ። ሕፃን ታቅፋ ጭቃ ውስጥ የቆመች ሴት አየሁ፤ እናቴ በ1977 እንዲሁ ነበረች።

አልናፈቀኝም። እዚህ ላይ ነው ራሴን የያዝኩት። በሌላው ጊዜ ሁሉ የሚነሣው ናፍቆት ያን ጊዜ ዝም አለ። ወቅቱ ሱዳን የሚያከራክረውን የድንበር መሬት፣ አል ፋሻጋን፣ በጦር የያዘችበት ነው፤ ሱቄ የሚገባ ሰው ሁሉ ሱዳንን ይረግማል፣ ከድንበር ማዶ ያሉትን ስደተኞችም የሚራገም አይጠፋም። «ያደግሁት እዚያ ነው፣ ያ ሜዳ የወንድሜ መቃብር ነው» ብል የየትኛው ወገን ነሽ መባሌ አይቀርም ነበር። ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት በአፌ ቢሆን ፍርሃት ነው ብዬ አልፈው ነበር፤ ልቤም አብሮ ዝም ማለቱ ነው ያስደነገጠኝ። ናፍቆት የፈቀደው ጊዜ የሚመጣ፣ ሰው የማያዝዘው ነገር ይመስለኝ ነበር። የእኔ ግን ዋጋ የሚያስከፍል ቀን ከሆነ አይመጣም።

እናቴ ግን እንግዳ ባለበት፣ ቡና እየተጠጣ «ድንኳኑን የተከሉት መቃብሩ ላይ ነው?» ብላ ጠየቀች። እንግዶቹ ተያዩ። መልስ የሰጣት የለም፤ እኔም አልሰጠኋትም።

ከዚያ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ጦርነቱ ተነሣ። የሸሸው ሰው በመተማ መጣ፤ ኩመር ላይ መጠለያ ተሠራለት። እኔ በገላባት በኩል የመጣሁበትን መንገድ እነሱ መጡበት። ጎንደር ሆኜ ሱዳኖች መጡ ሲባል ስሰማ ደስ ያለኝ ይመስለኛል፤ አሁን ተራው የእኔ ነው፣ ሐጃ ለእናቴ እንዳደረገችው አደርጋለሁ አልኩ። አልሄድኩም። ነሐሴ ላይ ክልሉ ውስጥ ውጊያ ተነሥቶ መንገዱ አያስኬድም ሆነ፤ እውነት ነው። ከነሐሴ በፊት ባሉት ወራት ግን መንገዱ ክፍት ነበር፣ ያኔም አልሄድኩም። ሱቅ ነበረኝ፣ ፋሲካ ነበር፣ ልጄ ፈተና ነበረባት። እነዚያ ሰዎች አልሞቱም፤ ሕያዋን ነበሩ፣ ይጠይቁኝ ነበር፣ ይፈልጉኝ ነበር። ምናልባት እሱ ይሆናል ምክንያቱ።

ወደ 2016 ክረምት ልምጣ፤ ይህን ያጻፈኝ እሱ ነው። ሰኔ 22 የሰናር ግዛቷ ሲንጃ ከሱዳን ጦር ጋር በሚዋጋው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል እጅ ወደቀች። የሰናር ግዛት ሰው በእግርና በጋሪ ወደ ገዳሪፍና ከሰላ ጎረፈ፤ ትምህርት ቤቱ ሞላ፣ ገበያው ሞላ፣ መንገድ ዳር ተተኛ። ያኔ ነው ዝናቡ የመጣው። ሐምሌ አጋማሽ ካለፈ በኋላ ከሰላና አሮማ በውኃ ተያዙ፤ ሁለትና ሦስት ጊዜ የተፈናቀለ ሰው እንደገና ተፈናቀለ። ነሐሴ 6 የሱዳን ጤና ሚኒስቴር ኮሌራ መግባቱን አወጀ፤ ከሰላና ገዳሪፍ ከሁሉ የተጎዱት ነበሩ። ነሐሴ 19 ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን ያለው የአርባዓት ግድብ ፈረሰ፤ የተባበሩት መንግሥታት ቢያንስ 30 ሰው መሞቱን፣ 20 መንደር መጥፋቱን ተናገረ። ግድቡ የፖርት ሱዳን የመጠጥ ውኃ ነበር።

እኛም የራሳችን ነበረን። ሐምሌ 15 ጎፋ ላይ የወረደው ናዳ ከ200 በላይ ሰው ቀብሯል፤ ሊያወጡ የገቡትን ሳይቀር ሁለተኛው ናዳ ወሰዳቸው። ቴሌቪዥኑ ያንን ያሳያል፤ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ታለቅሳለች። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ስልኬ ላይ ከሰላን እፈልግ ነበር። ለጎፋ አላዘንኩም አልልም፤ አዝኛለሁ። ግን ሐዘኑ እንደማንኛውም ዜጋ ነበር። ለከሰላና ለገዳሪፍ ያዘንኩት እንደ ባለቤት ነው።

ለጓደኛዬ ለሐጃ ልጅ ደወልኩ። ለአራት ዓመት ያህል አልደወልኩላትም ነበር። ስልኩ አልሠራም፤ በዋትሳፕ ጻፍኩ። ስታርሊንክ ካለበት ሱቅ ሄዳ፣ በሰዓት ከፍላ መለሰችልኝ። የጻፍኩላትን አሁንም ስልኬ ላይ አለ። በመጀመሪያ የጠየቅኋት «ግቢው ውስጥ ያለው የኒም ዛፍ ቆሟል?» ብዬ ነው። ቀጥዬ ግድግዳውን፣ ቀጥዬ ሻይ የምናፈላበትን ቦታ፣ ከዚያ ነው ሐጃን። ሐጃ ከሞተች ዓመት አልፏታል አለችኝ። በየክፍሉ ሁለት ሁለት ቤተሰብ አስገብተዋል፤ አክስቷ ኮሌራ ይዟት ተኝታለች፤ ክሎሪን ተወዷል፤ ካሮው ውኃውን የሚቀዳው ከየት እንደሆነ አይታወቅም፤ አፍልተው ነው የሚጠጡት፣ ከሰሉም ጠፍቷል። ስለ ዛፉ ምንም አላለችም።

ድምፅ አስተላለፍኩላት፤ እያለቀስኩ ናፈቃችሁኝ አልኳት። ትንሽ ቆይታ እሷም በድምፅ መለሰች። ቁጣ አልነበረበትም፣ ደክሟት ነበር። «አንቺ እኮ ለቢካ ብቻ ነው የምትመጪው» አለችኝ። ቢካ እነሱ ለቅሶ የሚሉት ነው።

ለሠርጓ አልደወልኩም። ልጆቿ ሲወለዱ ሰምቼ «እደውላለሁ» ብዬ ቀረሁ። የበኩር ልጇ ገዳሪፍ ዩኒቨርሲቲ ገባች ብላ ፎቶ ስትልክልኝ አበባ ልኬ አለፍኩ። ጋሽ ሲሞላ ግን ደወልኩ፣ በ2012 ክረምት ማብቂያ ሱዳን በጎርፍ የአስቸኳይ ጊዜ ስታውጅ ደወልኩ፣ በ2016ም ደወልኩ።

እኛ ዘንድ ለቅሶ ደራሽ አይወቀስም። ሠርግ የቀረ ሰው ይቅርታ አለው፤ ለቅሶ የቀረ ነው ዕድር የሚቀጣው። ስለዚህ ራሴን ጥሩ ሰው አድርጌ ነው የኖርኩት፤ በክፉ ቀን አልጠፋም እያልኩ። የጓደኛዬ ቃል ያንን ነው ያፈረሰብኝ። ለቅሶ ቤት ለምን እንደሚቀለኝ አሰብኩ። ሠርግ ላይ ማን ናት ይባላል፤ የሙሽራዋ የሐበሻ ጎረቤት፣ የሻይ ሻጯ ልጅ፣ ሐበሺያዋ። ለቅሶ ቤት ግን ገብቶ የተቀመጠ ሁሉ የቤቱ ሰው ነው። ኢቃማ አይጠየቅም። ገዳሪፍ ጤነኛ ስትሆን የራሷ ሰዎች ናት፤ እኔን እዚያ በኖርኩበት ጊዜ ሁሉ ለመንፈቅና ለዓመት ብቻ በሚታደስ ወረቀት ያኖረች፣ ደርሰሽ ሂጂ ያለች ከተማ ናት። ስትወድቅ ግን እኔ ቆሜ ላያት እችላለሁ። ያን ጊዜ ነው ከተማዬ የምላት። አዝንላታለሁ፤ በማዘኔም የነፈገችኝን ዜግነት ለራሴ እሰጣለሁ። ናፍቆቴ ውስጥ ትንሽ ብድር መመለስ አለ። ደስ የሚል ነገር አይደለም፤ ሳገኘው ግን ታወቀኝ፣ ከጥንት ጀምሮ እዚያ ነበር።

ይህ ሁሉ ናፍቆቱን ሐሰት ያደርገዋል ወይ? አያደርገውም ባይ ነኝ። የዝንጅብሉ ቡና ሽታ እውነት ነው፣ ከሰል ስታራግብ የእናቴ ክንድ እውነት ነው፣ ሐጃ በከሻው ዕለት እኔን ከአልጋዋ ሥር ደብቃ በሩ ላይ ተቀምጣ «እዚህ ቤት የእኔ ልጆች እንጂ ሌላ የለም» ማለቷ እውነት ነው። ሐሰት የሆነው ጊዜው ነው። ይህን ሁሉ ለማስታወስ ሰው መስጠም አልነበረበትም።

ሱዳኖች ነፊር የሚሉት አለ፤ የእኛ ደቦ ነው። በ2005 ነሐሴ ካርቱም በጎርፍ ስትመታ ወጣቶች በዚሁ ስም ተሰባስበው አካፋና ምግብ ይዘው በየሰፈሩ ወጥተው ነበር። አሁንም በጦርነቱ መሐል በየመንደሩ ተካያ እያሉ ወጥ ሠርተው የሚያበሉት እነዚያው ዓይነት ሰዎች ናቸው። ነፊር የሚባለው ጥሪ ለመከራ ብቻ አይደለም፤ ለአጨዳም፣ ለሠርግ ዳስም ነው። የመከራ ቀን ሰው የሚወጣው የአጨዳ ቀን ስለለመደ ነው። እኔ አጨዳው ላይ አልነበርኩም።

ለጓደኛዬ ከዚያ ክረምት በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ ምንም ሳይሆኑ እደውላለሁ። መጀመሪያ ላይ «ምን ሰማሽ? ምን ተፈጠረ?» እያለች ትደነግጥ ነበር። ምንም አልሰማሁም፣ ሰሊጥ ስንት ገባ ልልሽ ነው ስላት ሳቀች፤ አሁን ለምዳዋለች። ወሬያችን አሰልቺ ነው፤ ስለ ዘይት ዋጋ፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ልጆች። አንዳንዴ ስልኩን ይዤ አዛጋለሁ። ናፍቆት የሚባለውም እንደ ድሮው አያንቀኝም፤ ቀንሷል ብል ይሻላል። እናቴ እንኳ አንድ ቀን ስልኩን ተቀብላኝ በተሰባበረ ዓረብኛዋ ልጅቷን ወደ ኡም ራኩባ የሚሄድ ሰው ታውቅ እንደሆነ ጠየቀቻት። የማሽላ ነጋዴ የሆነ ዘመድ አላት፤ በበጋ እዚያ በኩል ያልፋል፤ ሜዳውን አይቶ ይነግረናል ተብለናል።

በገዳሪፍ፣ በከሰላ፣ በሸዋክ፣ በተዋዋ አድጋችሁ ዛሬ ጎንደር፣ ሑመራ፣ አዲስ አበባ፣ ከዚያም አልፋችሁ ሜልቦርንና ቶሮንቶ ያላችሁ ብዙ ናችሁ፤ ሱቄ ስለምትመጡ አውቃችኋለሁ። ክረምት ሲሆን የምትጽፉትንም አነባለሁ፣ ከእኔው አይለይም። ያላችሁን ስልክ ቁጥር ዛሬ፣ ወሬ በሌለበት ቀን ሞክሩት። ሰው ካገኛችሁ ስለ ዛፍ አትጠይቁ። ገንዘብ የምትልኩ ከሆነ ባንካክ የሚባለው የስልክ ገንዘብ መላኪያ ያለው ሰው ፈልጉና ከሰኔ በፊት ላኩ፤ ዋልካው ከረጠበ በኋላ ወደ መንደሮቹ ጭነት አይገባም፣ ክሎሪንም ለጎርፍ መከተሪያ የሚሆን ማዳበሪያ ከረጢትም ከተማ ላይ ይቀራል።